120 ቮልቱን የባቡር መቆጣጠሪያ 220 ላይ ሰክቼ አቃጠልኩት፤ በራሴ የሠራሁት ደግሞ ወደኋላ አልሄድ አለኝ

የሐዲድ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ለልጄ የሞዴል ባቡር ይዛ መጣች። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ አራት ፉርጎ፣ ሲገጣጠም ክብ የሚሠራ ሐዲድ። መጠኑ ኤችኦ የሚባለው ነው፤ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል። በ12 ቮልት ዲሲ ይሠራል። ኤሌክትሪኩ በሁለቱ ብረቶች ይገባል፣ ሎኮሞቲቩ በእግሮቹ ይቀበላል። ቮልቱ ሲጨምር ይፈጥናል፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲገለበጥ ወደኋላ ይሄዳል።

አብሮት የመጣው መቆጣጠሪያ ለ120 ቮልት የተሠራ ነበር። ከጀርባው ተጽፏል፣ እኔ ግን ሳላነብ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ትንሽ እምም አለ፣ ሸተተ፣ ጨሰ፣ አለቀ። ልጄ ሳጥኑን በከፈተ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው ይህ የሆነው። ፊቱን ማየት አቃተኝ። ስለዚህ ራሴ ልሠራለት ተነሳሁ።

መጀመሪያ የደህንነት ካሜራ አዳፕተር (12 ቮልት፣ 2 አምፔር) ወሰድኩና ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታሁትን የድምፅ ማስተካከያ መሃል አስገባሁ፤ 10 ኪሎ ኦም ነው። ሳዞረው፣ ሳዞረው ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። መጨረሻው ላይ ስደርስ ተፈናጥሮ ሄደ፣ ማስተካከያውም ጨሰ።

ቀጥዬ ቮልት በሚያስተካክለው ኤልኤም 317 ቺፕ ሠራሁ። ይህኛው ይሠራል። ግን ባቡሩ በቀስታ ሲሄድ ቺፑ ጣት ያቃጥላል።

ሦስተኛው አሁን ያለኝ ነው። 555 ቺፕ (እየደጋገመ አብራና አጥፋ የሚል ምልክት የሚሰጥ)፣ ከሞተ ዩፒኤስ የነቀልኩት አይአርኤፍዜድ 44 ኤን ሞስፌት (በዚያ ምልክት ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋ)፣ 100 ኪሎ ኦም ማስተካከያ፣ 103 የሚል የመጠን ኮድ ያለበት ካፓሲተር። አቅጣጫ ለመቀየር ስድስት እግር ያለው ስዊች አለኝ። ወደፊት ቆንጆ ይሄዳል። ወደኋላ ስገለብጠው ግን ባቡሩ ይቆማል፣ የአዳፕተሩ መብራት ቲክ ቲክ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሞስፌቱም ከመጋሉ የተነሳ በእጅ አይነካም። ስዊቹን ስመልሰው እንደገና ይሠራል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሲሄድ እንደ ትንኝ ይጮኻል። ሁለተኛ፣ ሲነሳ በዝላይ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ አይቶ "ባቡር እንዲህ አይነሳም" አለኝ። ከሦስቱም ይህ ነው የከነከነኝ።

ካቻቢቴው

ለሞተሩ የመልስ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አስገብተሃል? ካስገባህ ከስዊቹ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የሐዲድ ልጅ

አዎ፣ 1ኤን4007። "ለሞተሩ በጣም ይቅረብ" ስላሉኝ ሐዲዱ ላይ ነው የበየድኩት። ከስዊቹ በኋላ ማለት ነው።

ካቻቢቴው

በሽታው ተገኘ ወንድሜ። ሞስፌቱም ስዊቹም ጤነኛ ናቸው።

ሞተር ውስጥ ጥቅል ሽቦ አለ። ኤሌክትሪኩን ድንገት ስትቆርጥበት ከፍ ያለ ቮልት ይረጫል። ዳዮዱ የሚገባው ያንን እንዲውጥ ነው። ስለዚህ በተለመደው ጊዜ ኤሌክትሪክ እንዳያሳልፍ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ ነጩ መስመር ወደ ፕላስ። አንተ ወደፊት ስትነዳ ልክ እንደዚያ ነው። ስዊቹን ስትገለብጥ ግን በሐዲዱ ላይ ፕላስና ማይነሱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ዳዮዱ ደግሞ ተበይዷል፣ አብሮ አይዞርም። አሁን ፊቱን ለኤሌክትሪኩ ሰጠ ማለት ነው። ባቡሩን ትቶ ሁሉም በዳዮዱ ያልፋል። ንጹሕ ሾርት ነው። አዳፕተሩ ቲክ ቲክ የሚለው ራሱን ለማዳን እየጠፋ እየበራ ነው፤ ጥሩ አዳፕተር ስለሆነ አመስግነው።

ከሐዲዱ ላይ ንቀለው። ቦርዱ ላይ፣ ከስዊቹ በፊት አድርገው። ነጭ መስመር ያለበት እግር ወደ 12 ቮልቱ ፕላስ፣ ሌላው እግር ወደ ሞስፌቱ መሃለኛ እግር። ሞስፌቱን ጽሑፉ ወዳንተ ዞሮ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ስታየው ከግራ የመጀመሪያው ጌት (ምልክቱን ተቀብሎ የሚከፍተው)፣ መሃለኛው ድሬን (ኤሌክትሪኩ የሚገባበት)፣ ሦስተኛው ሶርስ (የሚወጣበት) ነው። ጀርባው ላይ ያለው ብረትም ድሬን ስለሆነ ከምንም ብረት ጋር አይነካካ።

4007ቱንም ቀይረው። ለቀርፋፋ ሥራ ነው የተሠራው። 1ኤን5819 ካገኘህ እሱ ፈጣን ነው።

መምህርት

ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ እዚሁ አዳማ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎችህ ለምን እንዳልሆኑ ማንም ሳይነግርህ እንዳይታለፍ።

ሎኮሞቲቭህ በግምት 0.3 አምፔር ይጠጣል እንበል። 10 ኪሎ ኦም በ12 ቮልት የሚያሳልፈው ከሺህ አንድ አምፔር ብዙም አይበልጥም። ለዚህ ነው ባቡሩ ያልተነቃነቀው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ደግሞ የቀረችው ትንሽ የካርቦን ንጣፍ ሞተሩ የሚፈልገውን ሁሉ ብቻዋን ልታሳልፍ ሆነ። የሬዲዮ ማስተካከያ ከሩብ ዋት በላይ አይችልም። ተቃጠለ።

317ቱ ብልሃቱ ይሻላል፣ ግን የተረፈውን ቮልት ወደ ሙቀት ይቀይራል። 12 ገብቶ 4 ቮልት ከወጣ 8 ቮልት እሱ ላይ ቀረ። በ0.5 አምፔር ስታባዛው 4 ዋት ነው። የሙቀት ማራገፊያ ብረት የሌለው ያቺ ትንሽ ቺፕ 4 ዋት ብቻዋን አትችልም። ባቡሩ ሲዘገይ የባሰ የምትግለውም ለዚህ ነው፤ የሚቀርባት ቮልት ይበዛል።

ሞስፌቱ ግን መሃል ላይ አይቆምም። ወይ ሙሉ በሙሉ ከፍቷል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ዘግቷል። ፒደብሊውኤም የሚሉት ይህንን ነው። ሲዘጋ አምፔር የለም፣ ሲከፍት ደግሞ እሱ ላይ የሚቀር ቮልት የለም ማለት ይቻላል። 44 ኤን ሲከፈት ያለው ሬዚስታንስ 0.02 ኦም እንኳን አይሞላም። በ0.5 አምፔር ስታሰላው ከአንድ መቶኛ ዋት በታች ነው። ስለዚህ በጤናው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከጋለ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው። ምልክት አድርገህ ያዘው።

ኮዱ ወጣት

ጋሼ፣ በዚህ ዘመን 555 ምን ይሠራል? አርዱዪኖ ናኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) እና ሞተር የሚነዳውን ኤል 298 ኤን ቦርድ ይግዙ። አቅጣጫውንም ያለ ስዊች ይቀይራል። ቀስ ብሎ መነሳትንም በኮድ ማድረግ ይቻላል፤ ማዞሪያውን በአንዴ ቢያዞሩት እንኳን ባቡሩ በ10 ሰከንድ እየጨመረ ይነሳል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ኮዱን እኔ ጽፌ እልክልዎታለሁ።

ካቻቢቴው

ሐሳቡ መልካም ነው፣ ቀስ ብሎ መነሳቱ በተለይ። ግን ኤል 298 አሮጌ ቺፕ ነው፤ ከ12 ቮልቱ 2 ያህሉን ራሱ ይበላል፣ እሱም ይግላል። ሰውዬው የሚሠራ ቦርድ በእጁ አለው። አንድ ዳዮድ ቦታ ይቀይር። አርዱዪኖ ለሚቀጥለው ይሁን።

ከሐዋሳ

እኔ ለጩኸቱ አንድ መፍትሔ ልስጥህ። ሐዲዱ ላይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርግ። ኤሌክትሪኩን ያለሰልሰዋል፣ ጩኸቱ ይጠፋል።

ካቻቢቴው

ይህን አታድርግ! ወንድሜ ከሐዋሳ፣ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሁለት አደጋ አለው። ያ ካፓሲተር ፕላስና ማይነስ አለው። ስዊቹን ስትገለብጥ ተገልብጦ ይሞላል፣ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የዳዮዱ ስህተት ወንድም ነው። ሁለተኛ፣ ሞስፌቱ በከፈተ ቁጥር ባዶውን ካፓሲተር ሊሞላ ስለሚሮጥ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ትልቅ አምፔር ይመታዋል። ያንን ካፓሲተር አዳፕተሩ የሚገባበት ጋ አድርገው፤ እዚያ ይጠቅማል።

ከሐዋሳ

ልክ ነህ፣ መገልበጡን አላሰብኩም። በ317 በሠራሁት ላይ ከስዊቹ በፊት አድርጌው ስለሠራልኝ ነው።

ጡረተኛው

ልጄ፣ አባትህ እውነቱን ነው። እኔም የምድር ባቡር ሰው ነበርኩ። ጭነት የያዘ ባቡር ሲነሳ መጀመሪያ የፉርጎዎቹ ማያያዣ አንድ በአንድ ይወጠራል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ ትሰማዋለህ። የመጨረሻው ፉርጎ የሚነቃነቀው ፊተኛው ከተነሳ በኋላ ነው። በዝላይ የሚነሳ ባቡር ማያያዣ ይበጥሳል።

አንድ ነገር ለልጅህ ንገረው። የእኛ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። በ87 ስታካፍለው 11 ሚሊ ተኩል አካባቢ ይመጣል። የአንተን ለካው፤ 16 ሚሊ ተኩል ከሆነ በአሜሪካም በአውሮፓም የተለመደው 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ነው። አዲሱ የጅቡቲ መስመርም ይኸው ነው። እና ልጅህ የሚነዳው ስፋቱ እንደ አዲሱ ነው እንጂ እንደ አያቱ አይደለም።

የሐዲድ ልጅ

ጋሽ ጡረተኛው፣ እግዜር ይስጥልኝ። በማስመሪያ ለካሁት፣ እንዳሉት 16 ሚሊ ተኩል ነው። ለአባቴም አነበብኩለት። ስለ ማያያዣው ድምፅ ሲሰማ በጣም ደስ አለው።

ካቻቢቴው፣ ዳዮዱን ዛሬ ማታ አዛውራለሁ። 5819 ከመርካቶ አስልካለሁ፣ እስከዚያ በ4007 እሞክራለሁ። በእግረ መንገድ፣ ጌቱ ላይ የማደርገው ሌላ ነገር አለ? 555ቱን በቀጥታ ነው ያገናኘሁት።

ካቻቢቴው

ከ555ቱ 3ኛ እግር ወደ ጌት 100 ኦም አስገባ። ከጌት ወደ ማይነስ ደግሞ 10 ኪሎ ኦም። ይህ ሁለተኛው ቺፑ ሳይነሳ ወይም ከሶኬቱ ሲወጣ ጌቱ በአየር ላይ እንዳይቀር ነው። በአየር ላይ የቀረ ጌት በራሱ ሊከፍት ይችላል፣ ባቡሩም ማንም ሳይነካው ይሮጣል። 555 ላይ ከ16 ቮልት በላይ እንዳታስገባ፤ የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ስለሆነ ይገድለዋል።

ሞስፌት ካጣህ ቲአይፒ 122 ትራንዚስተርም ይሠራል፤ 1 ቮልት ገደማ ይበላል እንጂ። ቤዙ (በጌቱ ቦታ ያለው እግር) ላይ 1 ኪሎ ኦም አድርግ።

መምህርት

ጩኸቱና ዝላዩ አንድ መነሻ አላቸው፤ ሁለቱም 103 ካፓሲተሩ ጋ ይመጣሉ።

በተለመደው የ555 አሠራር፣ 1 ኪሎ ኦም ከ100 ኪሎ ኦም ማስተካከያና ከሁለት ትንንሽ 4148 ዳዮዶች ጋር ከሆነ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ የሚወስነው ያ ካፓሲተር ነው። 103 ካደረግክ 1,400 ጊዜ ገደማ ነው። ይህን የሰው ጆሮ በደንብ ይሰማዋል። ትንኝህ ይህ ነው። አሥር እጥፍ የሚያንሰውን 102 ብታደርገው 14,000 ገደማ ይሆናል፤ አባትህ ምናልባት አይሰሙትም፣ ልጅህ ግን ሊሰማው ይችላል። ከእሱም የሚያንሰውን 681 ብታደርገው ከ20,000 ያልፋል፣ ማንም አይሰማውም። ወደ ታች ብትሄድ ደግሞ ከ103 አሥር እጥፍ የሚበልጠው 104 ወደ 140 ያወርደዋል። ያኔ ጩኸት ሳይሆን እምም የሚል ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል።

አሁን ምርጫው እዚህ ላይ ነው። ጭቃ የያዘውን መኪና ስንገፋ ሳናቋርጥ በለሆሳስ ብንገፋ አይወጣም። "ሆ!" ብለን በአንዴ፣ ቆም ብለን፣ እንደገና "ሆ!" ስንል ነው የሚነሳው። ሞተሩም እንደዚያው ነው። ቆሞ ሲነሳ የሚይዘው ፍትጊያ አለ። ፍጥነቱ ከፍ ባለ ፒደብሊውኤም ግፊቶቹ በጣም ስለሚቀራረቡ ለሞተሩ እንደ ለስላሳ ትንሽ ቮልት ናቸው። ማዞሪያውን ብዙ እስክታዞር አይነሳም፣ ሲነሳ ደግሞ በዝላይ ነው። ዝቅ ባለው ግን እያንዳንዱ ግፊት ሙሉ 12 ቮልት ነው፣ ጊዜም አለው። እግሩን እየነቀነቀ በጣም በዝግታ ያስነሳዋል። ዋጋው እምምታውና ትንሽ የሞተር ሙቀት ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ይህ ለተለመደው የብረት እምብርት ላለው ሞተር ነው። እምብርት የሌለው ስስ ሞተር ያላቸው ሎኮሞቲቮች አሉ፤ እነሱን ዝቅ ያለው ይጎዳቸዋል። ሎኮሞቲቩ ውስጥ ዲጂታል መቀበያ ካለም ይህን ዓይነት መቆጣጠሪያ አትሞክርበት። ክፈትና እይ። ሐዲዱ ላይ ተራ ዲሲ የሚፈልግ ከሆነ ከሞተሩ ወደ እግሮቹ ሁለት ሽቦ ብቻ ታያለህ፣ ቢበዛ ከትንሽ ካፓሲተር ጋር።

ሰማያዊ ባጃጅ

እኔ የባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ ኤሌክትሪኩን ራሴ ነው የምሠራው። ልጅ ያለበት ቤት ስለሆነ ይህን ስሙኝ። ባቡር ከሐዲድ መውጣቱ አይቀርም። ሲወጣ ብረቱ ሁለቱን ሐዲድ ያገናኛል፣ ኮንታክት ነው። ልጁ ማንኪያም ሊጥልበት ይችላል።

የባጃጅ የፍሬን አምፖል ግዛ፣ 12 ቮልት 21 ዋት። ከቦርዱ ወጥቶ ወደ ስዊቹ በሚሄደው በአንዱ ሽቦ መሃል አስገባው። ባቡሩ በሰላም ሲሄድ አምፖሉ አይበራም፣ ወይም ፍም ብቻ ይመስላል። ኮንታክት ሲፈጠር ቦግ ይላል። ሁሉንም ኃይል እሱ ስለሚወስድ ከ1.75 አምፔር በላይ አያሳልፍም። ሞስፌቱ ይተርፋል፣ ልጁም "ባቡሩ ወጣ" ብሎ ያያል። የፍሬቻውን 10 ዋት አታድርግ፤ እሱ ባቡሩን ያዘገየዋል። ሲበራ ስለሚግል ከፕላስቲክ አርቀው።

ሌላ፣ አዲስ ቦርድ በባቡሩ አይሞከርም። መጀመሪያ ትንሽ 5 ዋት አምፖል በሐዲዱ ቦታ አድርግ። ማዞሪያውን ስታዞር ከድንግዝግዝ እስከ ሙሉ ከበራ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ያኔ ባቡሩን አስቀምጥ።

ካቻቢቴው

ይህን አምፖል እኔም አላሰብኩትም። ከፊውዝ በብዙ ይሻላል፣ አይቀየርም።

የሐዲድ ልጅ

ከአራት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ።

ዳዮዱን ቦርዱ ላይ አዛወርኩት። እንደ ሰማያዊ ባጃጅ ምክር መጀመሪያ በአምፖል ሞከርኩ። ወደፊት በራ፣ ወደኋላም በራ። ባቡሩን ሳስቀምጥ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሄደ! ወደኋላም ሄደ! ሞስፌቱን ግማሽ ሰዓት ነድቼ ነካሁት፤ እንደ ጠረጴዛው ቀዝቃዛ ነው።

ከዚያ ካፓሲተሮቹን በየተራ ሞከርኩ። 102 ጸጥ ይላል። ግን ማዞሪያው ሩብ እስኪደርስ ባቡሩ አይነሳም፣ ከዚያ ዝላይ። 104 እምም ይላል፣ ግን አነሳሱ! ማዞሪያውን በጥቂቱ ስነካው እግሮቹ በዓይን እየታዩ መዞር ጀመሩ። ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ ሲሳቡ አየን። አባቴ ማዞሪያውን ከእጄ ወሰደ፣ ለረጅም ጊዜም አልመለሰም። 104 ይቆያል።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። በሁለተኛው ቀን ባቡሩ መንቀርፈፍና መቆራረጥ ጀመረ። ቦርዱ መስሎኝ እንደገና ልፈታው ነበር። አቧራ ነው። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ከፍቼ ነበር። ሐዲዱን በነጭ ጨርቅና በአልኮል ስወለውለው ጨርቁ ጠቆረ። የሎኮሞቲቩን እግሮችም ጠረግኩ። ተስተካከለ። በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይገባና በየቀኑ ትወለውላላችሁ።

ኮዱ ወጣት፣ ኮዱን ላክልኝ። አባቴ ቀስ ብሎ እንደሚያነሳው ልጄ አይችልም፤ ለእሱ የአንተ የ10 ሰከንድ መነሻ ይሻለዋል። ሞስፌቱና ስዊቹ ይቆዩ፣ 555ቱን ብቻ በናኖ እተካዋለሁ።

ኮዱ ወጣት

እሺ ጋሼ፣ ዛሬ ማታ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ናኖው የሚያወጣው 5 ቮልት ነው፣ 44 ኤን ደግሞ በደንብ ለመክፈት 10 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። በ5 ቮልት ግማሹን ብቻ ከፍቶ ሊግል ይችላል። ስሙ ላይ ኤል ያለበትን፣ አይአርኤልዜድ 44 ኤን የሚለውን ይፈልጉ። እሱ በ5 ቮልት ይከፍታል።

የሐዲድ ልጅ

አመሰግናለሁ፣ ይህን ባትነግረኝ እንደገና ሳቃጥል ነበር።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። መብራት ሲጠፋ ልጄ ባቡሩን ይፈልጋል። ያገለገለ የሞተር ሳይክል ባትሪ አለኝ፣ 12 ቮልት። በአዳፕተሩ ቦታ በቀጥታ ማገናኘት እችላለሁ?

ሰማያዊ ባጃጅ

ትችላለህ። ሙሉ ባትሪ 13 ቮልት አካባቢ ነው፣ ቻርጅ ላይ እያለም ቢሆን 555ቱ ይችለዋል። ግን ባትሪ እንደ አዳፕተርህ ቲክ ቲክ ብሎ ራሱን አያጠፋም። ኮንታክት ከተፈጠረ ሽቦው እስኪቀልጥ ይሰጣል። አምፖሉ የሚጠብቅልህ ከቦርዱ በኋላ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ 3 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ቦርዱ ጋ ሳይሆን ከባትሪው ፕላስ አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ።